አይጥን ከቤታችንና ከመንደራችን ስለማስወገድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ አባላት እንዲነበብ በሙሉ ተለጥፏል።)



ከዛሬው ስብሰባ አጀንዳዎች ሦስተኛው የአይጥ ጉዳይ ነው። አጀንዳው ሲነበብ ከወደ ኋላ የሳቃችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም። ነገር ግን ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በመንደራችን የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከቦኖው በታች ካሉት ቤቶች በአንዱ የሦስት ዓመት ሕፃን ከአልጋ ሥር ለአይጥ የተቀመጠ ዳቦ አንሥቶ አፉ ውስጥ ከትቶ ተገኘ። በሩጫ ሆስፒታል ደርሶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ እያየሁት ነው። በዚያው ሰሞን በአንድ ሳምንት አራት ድመቶች ሞቱ። እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን ደግሞ «አይጡን መንደራችን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ተብላ በአደባባይ ተሰደበች። ይኼ ሁሉ ሆኖ አይጡ ግን ይኸው አለ። ሌሊት ኮርኒሳችን ላይ ጉግስ የሚጫወት ነው የሚመስለው።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ጉዳዩ በየቤቱ የሚያልቅ አይደለም ብሎ ወደ እናንተ አቅርቦታል። የማስረዳቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቷል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ስምንት ዓመት በእህል መጋዘን ስለሠራሁ ከአይጥ ጋር በደንብ እንተዋወቃለን። ከዚህም ሌላ ወደ መንደራችን የሚመጡትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቄ፣ ያገኘሁትንም ጽሑፍ አንብቤ ነው የቀረብኩት። ለነገሩ በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጀመሪያ ከያዛቸው 16 ፓኬጆች አንዱ ነፍሳትንና አይጥን መቆጣጠር ነበር። መንግሥት ከመጸዳጃ ቤትና ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል የቆጠረውን ነገር እኛ የምንስቅበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ መጀመሪያ የምናወራው ስለየትኛው አይጥ እንደሆነ እንለይ። እኛ በደፈናው አይጥ እንላለን እንጂ ዐይነቱ ይለያያል፤ አያያዙም እንደዚያው።

ትንሿ የቤት አይጥ ክብደቷ ከ15 እስከ 25 ግራም ቢሆን ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አሮጌ ጫማ ውስጥ፣ ከፍራሽ ሥር ጨርቅና ወረቀት ቦጫጭቃ ጎጆዋን ትሠራለች። ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፤ ከ3 እስከ 10 ሜትር በሚሆን ክልል ውስጥ ኑሮዋን ትገፋለች። ስለዚህ ትንሿን አይጥ በየቀኑ የምታዩ ከሆነ ጎጆዋም እዚያው እናንተው ቤት ነው። «ከጎረቤት መጣችብኝ» ማለት አይሠራም።

በኮርኒስ ላይ የሚሮጠው ሌላ ነው። እሱ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ሲሆን እስከ 250 ግራም ይመዝናል። በግድግዳ ይወጣል፣ በመብራት ሽቦ ላይ ይሄዳል፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ጣሪያ ይዘላል። ከዚያ ደግሞ አይጠ መጎጥ የምንለው ወፍራሙ አለ። ጅራቱ ከገላው ያጥራል፤ ጆሮው ትንንሽ ነው፤ ግማሽ ኪሎ የሚደርስም ይገኛል። ይኼኛው መሬት ቆፋሪ፣ ዋናተኛም ነው። መኖሪያው ቦዩ ዳር፣ ሽንት ቤቱ ሥር፣ ከማገዶው ቁልል በታች ነው። ለምግብ ሲወጣ ከጉድጓዱ 30 እና 50 ሜትር ይርቃል፤ በእኛ አሰፋፈር ይኼ ማለት በአንድ ሌሊት ስድስትና ሰባት ቤት ማዳረስ ነው። እንግዲህ ትንሿን እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ሊጨርሳት ይችላል። ሁለቱን ትልልቆች ግን አንድ ቤት ብቻውን አይችላቸውም።

አይጡን ሳናየው እንዴት እንለየዋለን? በኩሱ ነው። የትንሿ ኩስ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ፣ ጫፉ ሾል ያለ ነው። የትልልቆቹ ከአንድ ሳንቲሜትር አልፎ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ይደርሳል። አዲስ ከሆነ ጥቁር፣ ለስለስ ያለ ነው፤ የቆየው ይደርቃል፣ ይገረጣል፣ በእንጨት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሌላው ምልክት በግድግዳው ሥር ወይም በአግዳሚው ላይ የሚታየው ቅባት የመሰለ ጥቁር መሥመር ነው። አይጥ ሜዳ መሐል መሄድ አይወድም፤ ጢሙንና ገላውን ግድግዳ እያስነካ በዚያችው በለመዳት መንገድ ይመላለሳል፤ የገላው እድፍ እዚያ ይቀራል። መንገዱን ማወቅ የፈለገ ሰው ማታ በግድግዳው ሥር ስስ አመድ ይበትን። ጠዋት የእግሩን ዱካና የጅራቱን ጭረት ያገኘዋል። ደጅ ያለውን ጉድጓድ ሰው ይኑርበት አይኑርበት፣ ማለቴ አይጥ ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ ደግሞ አፉን በልል አፈር ድፈኑት፤ በማግሥቱ ተከፍቶ ካገኛችሁት ባለቤቱ አለ።

በቀን ብርሃን አይጥ መታየት ከጀመረ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው። አይጥ የሌሊት ፍጥረት ነው፤ በቀን የሚወጣው ሲበዛና ምግብ ሲያጥረው ነው። እኛ መንደር በጠራራ ፀሐይ ከዶሮ ጋር ጥሬ ሲሻማ እያየነው ነው።

የሚራባበትን ፍጥነት ልንገራችሁ። ትንሿ አይጥ በሦስት ሳምንት ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት፣ በዓመት ከ5 እስከ 10 ጊዜ። ልጆቿ በስድስትና በስምንት ሳምንት ለመውለድ ይደርሳሉ። በመጋቢት የተወለደች አይጥ በግንቦት እናት ትሆናለች ማለት ነው። በወጥመድ ሁለት ይዞ «ተገላገልኩ» የሚል ሰው ቁጥሩን አልያዘም።

የሚበላው ደግሞ ይቆጠር። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል እህል ይበላል። በወር 750 ግራም መሆኑ ነው። አሥር አይጥ ያለበት ቤት በወር ሰባት ኪሎ ተኩል እህል ይቀልባል። ጤፍ በዚህ ዋጋ! ከሚበላውም የሚያበላሸው ይበዛል፤ በሄደበት ሁሉ ይሸናል፣ ትንሿ እንኳ በቀን 50 እና ከዚያ በላይ ኩስ ትጥላለች። በዚያ ላይ የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድጉ ካልከረከመ አይሆንለትም። እንጨት፣ ላስቲክ፣ የውኃ ጎማ፣ የመብራት ገመድ ሳይለይ ይከረክማል። የተላጠ የመብራት ገመድ በደረቅ ኮርኒስ ላይ ምን እንደሚያመጣ፣ ቤታችን በጭቃና በእንጨት የተሠራ ሰዎች ልንረዳው ይገባል።

ወደ ጤናው ስንመጣ ሁሉንም በሽታ አልዘረዝርም። ምግብን በሽንቱና በኩሱ በክሎ ተቅማጥና ትውከት ማምጣቱን ማንም ያውቃል። ከዚህ የሚብሰው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው ነው። ተሕዋስያኑ በአይጥ ሽንት ይወጣሉ፤ በጎርፍና በኩሬ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ፤ በተላላጠ ቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባሉ። ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የዐይን መቅላት ያመጣሉ፤ ሲብስ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ክረምት ሲገባ ልጆቻችን በቦዩ ጎርፍ ውስጥ በባዶ እግራቸው ሲንቦጫረቁ ዝም ብለን የምናየው እኛው ነን።

ቁንጫውም አለ። ከተስቦ በሽታ በቅማል ከሚተላለፈው ሌላ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍ ዐይነት አለ። ቸነፈር የሚባለውም በጥንት ዘመን ብዙ አገር የጨረሰው በሽታ የአይጥና የቁንጫ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 አሌክሳንደር የርሲን የተባለ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተሕዋስዩን አገኘ፤ በ1898 ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ሌላ ሐኪም ቁንጫ ከአይጥ እንደሚያስተላልፈው ደረሰበት። ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። አይጥ ሲሞት ቁንጫው አብሮት አይሞትም፤ የሚበርደውን ሬሳ ትቶ ሌላ ሙቅ ገላ ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተ አይጥ በጅራቱ አንጠልጥሎ ልጆች ማሳደድ ጨዋታ አይደለም። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሡት፤ በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻው ጋር አስወግዱት ወይም ውሻ እንዳያወጣው አድርጋችሁ በጥልቁ ቅበሩት፤ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ኩሱንም በደረቁ አትጥረጉት። ብዙዎቻችን መጥረጊያ አንሥተን አቧራውን እናቦናለን፤ በሌሎች አገሮች ሰው ይህንኑ አቧራ በመተንፈስ ብቻ በጽኑ የታመመበት ጊዜ አለ። መስኮትና በር ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አናፍሱ፤ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጣችሁ ርጩበትና አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር አትቀላቅሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ መርዙ።

በየመንገዱ በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ የአይጥ መርዝ አለ። ስም የለውም፣ የተሠራበት አይታወቅም፣ ምን ያህል እንደሚደረግ አይነገርም። ሻጩን «ምንድነው?» ብትሉት «የአይጥ ነው፤ ፍቱን ነው» ይላችኋል። ባለሙያዋ እንዳስረዱን ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጠቆር ያለ ግራጫ ዱቄት ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ዐይነት ሽታ አለው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ከጨጓራ አሲድ ጋር ተገናኝቶ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሞች የሚችሉት በሽተኛውን ደግፎ ማቆየት ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ክኒን አለ፤ ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው ነው። አንዳንድ ሰው ይህንኑ ክኒን ለአይጥም ያደርገዋል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ብቻ ጋዙን ማውጣት ይጀምራል። ክኒን የተደረገበት ጆንያ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ከነቤተሰብ መሞት ነው። መጋዘን ስንሠራ ክኒን ከገባ በኋላ በሩ ታሽጎ ቀናት እስኪያልፉ ሰው አይገባም ነበር፤ ቤታችን መጋዘን አይደለም፣ የምንወጣበትም ሌላ ክፍል የለንም።

ሌላው ዐይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፤ እነ ዋርፋሪን። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አይጡ ከበላ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ውስጥ ለውስጥ ደምቶ ይሞታል። ለዚህኛው በቫይታሚን ኬ መታከም ይቻላል። ነገር ግን ሕፃኑ ዛሬ በልቶ ዛሬ ስለማይታመም «ምንም አልሆነም» ተብሎ ይተዋል፤ ጉዳቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው።

መርዙ ሥራውን ቢሠራስ? ትልቁ አይጥ ጥርጣሬው ብዙ ነው። አዲስ ነገር ካየ ለቀናት ይሸሸዋል፤ ጥቂት ቀምሶ ካመመው ያንን ምግብ ዳግመኛ አይነካም። ስለዚህ ግማሹ ይድናል፣ ግማሹ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ከዚያ ሽታው ሁለት ሳምንት ከቤት ያስወጣል። እየተንገዳገደ የወጣውን ድመት ይበላዋል። አራቱ ድመቶች የሞቱት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። አይጥ የሚይዙልንን ገድለን አይጡን አተረፍን። ከወር በኋላ ምግቡና ጉድጓዱ እዚያው ስላለ ከቦዩ ሌላው መጥቶ በባዶው ቤት ይገባል።

ይህ ሳይደርስ ቀርቶ ሳለ አደጋ ቢደርስስ? ልጅ የአይጥ መርዝ ነካ ብላችሁ ስትጠረጥሩ ወተት ልስጠው፣ ዘይት ላጠጣው፣ ጣት ከትቼ ላስመልሰው አትበሉ። አፉ ላይ የቀረውን ጠርጋችሁ፣ መርዙ የነበረበትን ወረቀት ወይም ፌስታል ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ ምን እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው። መኪና ካልተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቁጥሩን በዚሁ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ታዲያ ያለ መርዝ ምን ይደረግ? አይጥ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ምግብ፣ ውኃ፣ መደበቂያ። ትንሿ ከምትበላው ምግብ በምታገኘው እርጥበት ልትኖር ትችላለች፤ ትልልቆቹ ግን በየቀኑ ውኃ ይፈልጋሉ። ከቦኖው ሥር ቀን ከሌት የሚቋጠረው ውኃ ማንን እንደሚያጠጣ አስቡት።

ምግቡን በተመለከተ ከዚህ በፊት ያነሣኋትን ጎረቤታችንን ልጥቀስ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ጤፏ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው፤ በርሜሉ ድንጋይ ላይ ተነሥቶ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ሊጧ በባልዲ ተከድኖ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ምጣዷ ሥር ያለውን ፍርፋሪ በየማታው ታነሣለች። ከእሷ ቤት ወጥተን በአካባቢው ስንዞር ግን ሌላ ነገር አየን። መሬት ላይ የተቀመጠ የዱቄት ማዳበሪያ፣ አፉ በገመድ ብቻ የታሰረ፤ ለውሻ ተብሎ በሳህን ያደረ ፍትፍት፤ በዶሮ ቤት በር ላይ የፈሰሰ ጥሬ፤ አጥር ጥግ የተደፋ አተላ። የማን የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቶቹ እዚሁ አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኛ የመታነው ዳዋ እንኳ አልነበረም፣ በመንደሩ ከሁሉ የጠዳውን ቤት ነው። ኮሚቴው ይቅርታ እንዲጠየቅላት ወስኗል፤ የሰደቧት ሰዎች ዛሬ ከስብሰባው መልስ ይጠይቋታል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዱቄት፣ ክክ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ ሁሉ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ጆንያና ማዳበሪያ ለአይጥ እንደ ወረቀት ነው፤ ስስ ፕላስቲክም እንደዚያው። በርሜል መግዛት የማይችል በሁለት በሦስት ቤት ሆኖ አንድ ቢገዛ ምን ይለዋል? ዕቃችሁን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አንሡት፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር አርቁት፤ ከኋላው መጥረግ እንዲቻል። የውሻና የድመት ሳህን ማታ ይነሣ። ቆሻሻ በክዳን ዕቃ ይሁን፤ በሌሊት ደጅ አይደር። በበዓል የቅርጫ ፈርስና አንጀት ወደ ቦዩ መወርወሩም ይቅር። በፋሲካ ማግሥት ቦዩን ያየ ሰው እኛ ለአይጡ ድግስ የደገስንለት ነበር የሚመስለው።

ድመት ትጠቅማለች። ትንሿን ትይዛለች፣ ሽታዋም ያስፈራል። ይሁን እንጂ ትልቁን አይጠ መጎጥ ብዙ ድመት አትደፍረውም። ባለ ድምፅ የኤሌክትሪክ ማባረሪያ እያሉ የሚሸጡት ዕቃ ደግሞ አይጡ በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ ገንዘባችሁን ለሲሚንቶ አቆዩት።

ቀዳዳውን መድፈን ከሁሉ ይበልጣል። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ፣ ስድስት ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ትገባለች። ትልቁ አውራ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ይበቃዋል። ቀዳዳን በጨርቅና በወረቀት መወተፍ ለአይጥ የጎጆ ዕቃ ማቅረብ ነው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ምረጉበት፤ ጭቃ ብቻውን አንድ ሌሊት አያድርም። የበር ሥር ክፍተት በቆርቆሮ ቁራጭ ይለበድ። ጣሪያችን ከግድግዳ በሚገናኝበት በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ያለው ክፍተት ግን ዋናው በር ነው፤ እዚያ ዐይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት በምስማር ይመታ። ጣሪያ የነካ የዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይቆረጥ።

የእኛ መንደር ችግር እዚህ ላይ ነው። ቤቶቻችን በረድፍ የተያያዙ ናቸው፤ በብዙዎቹ የሚያለያየን ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም። ከኮርኒሱ በላይ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው አንድ አዳራሽ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ዘግቶ ቢያባርር ሌላው ይቀበላል፤ እሱ ሲያባርር ደግሞ ይመለሳል። በአንድ ቀን ካልሠራነው እርስ በርስ አይጥ መለዋወጥ ነው የሚሆነው።

ወጥመድን በሚመለከት ባለ ምንጩ የእንጨት ወጥመድ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አይጡ ግን በግድግዳ ሥር ነው የሚሄደው። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ፣ የሚቀሰቅሰው ጎኑ ግድግዳውን እንዲነካ ተደርጎ ይቀመጥ። ምግቡ ትንሽ ይሁን፤ የምስር ፍሬ የምታህል የለውዝ ቅቤ፣ ካልተገኘ በቅቤ የታሸ ዳቦ በክር ታስሮ። ለትንሿ አይጥ በየሁለት በየሦስት ሜትሩ አንድ ያስፈልጋል፤ እሷ ወሬኛ ስለሆነች በመጀመሪያው ሌሊት ልትያዝ ትችላለች። ለትልቁ ግን ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጋችሁ ሦስት አራት ቀን አስለምዱት፤ መብላት ሲጀምር ያን ማታ አጥምዱ። ልጆች ካሉ በሣጥን ወይም በጣውላ ከልሉት። ጠዋት ጠዋት ይታይ።

ኮሚቴው የሚያቀርብላችሁ የውሳኔ ሐሳብ እንግዲህ እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመንደራችን ውስጥ በማንኛውም ቤት ስም የሌለው የመንገድ መርዝ እንዳይቀመጥ። ያለው ሰው ሽንት ቤትም ቦይም ሳይጨምረው እንዳለ በሁለት ፌስታል ቋጥሮ ለኮሚቴው ያስረክብ፤ ባለሙያዋ ወስደው በሚገባው መንገድ ይወገዳል። ማን አመጣ ብለን ስም አንመዘግብም። ግድ መርዝ የሚያስፈልግበት ቦታ ቢኖር፣ ለምሳሌ ቦዩ ዳር፣ በባለሙያ ምክርና በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ማኅበሩ አውቆት ይደረጋል።

ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋ፣ ለሽቦ ወንፊትና ለ12 ወጥመዶች መግዣ ከየቤቱ 100 ብር እንዲዋጣ ሐሳብ ቀርቧል። ወጥመዶቹ የማኅበሩ ንብረት ሆነው እንደ ዕድሩ ድንኳን በተራ ይዋሳሉ። 100 ብር የሚከብደው በጉልበቱ ይከፍላል፤ አቅም የሌላቸው አረጋውያን ቤት በወጣቶቹ ይሠራል። ተቆልፎ የተቀመጠው የመጨረሻው ቤት ባለቤት ቁልፉን ለመስጠት ተስማምተዋል፤ ባዶ ቤት ተዘግቶ ከቀረ የቀረው ሁሉ ድካም ነው።

ጊዜው ለምን ቸኮለ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ግንቦት እየተጋመሰ ነው። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ቦዩ ዳር ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላዋል፤ የተፈናቀለው አይጥ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤታችን ነው የሚወጣው። ዝናቡም ሲሚንቶ አያደርቅልንም።

ሥራው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ተሳልሞ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። በመጀመሪያ ሁሉም የየቤቱን ማገዶና ዕቃ ከግድግዳ ያርቃል፤ ቀጥሎ ቦዩ ይጠረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ምርጊቱ ከላይኛው ረድፍ ይጀመራል። ቦዩን የሚጠርጉ ሰዎች ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ እጁ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ቦዩ ውስጥ አይግባ፣ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

አሸዋውና ሲሚንቶው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይራገፋል። አካፋ፣ ዶማ፣ መሰላልና ባሬላ ያላችሁ አሁን ከስብሰባው ስትወጡ ስማችሁን እኔ ዘንድ አስመዝግቡ።